የመንደር አራት የማታ ውሃ

አንገር ጉቲን፣ ጥቅምት 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለነመራ ተረፋ፤ ነቀምቴ

አካም ጅርታ ወንድሜ፣

ደብዳቤ ልኮ መልስ ሲዘገይበት «አልደረሰው ይሆን? ወይስ ደርሶት ዝም ብሎኝ ነው?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ሰው አለ? መስከረምን በሙሉ አንተን በልቤ ስከስህ ከረምኩ። ትናንት ሹፌሩ ዋቅወያ የእህል መኪናውን ደጃችን አቁሞ ፖስታህን ከኮፍያው ውስጥ መዝዞ ሲሰጠኝ ግን ክሱን አነሳሁ። «ከነላቤ ነው ያመጣሁልሽ፤ ደርቆ እስኪነበብ ጠብቂ» አለኝ። እውነቱን ነበር።

መጀመሪያ ለጠየቅኸኝ ልመልስ። አላመመኝም። ማለቴ፣ አሁን ደህና ነኝ። ለእናቴ ለሀርሜ የመጀመሪያውን ብቻ ንገራት።

ቀጥሎ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቆላ ወርጄ ምን እንደምሠራ ጠይቀሃል። ይኸውልህ። እዚህ አሥራ አንድ የሰፈራ መንደር አለ። በእያንዳንዱ አንድ የናፍጣ ፓምፕና አንድ ሞተሪስት አለ፤ በፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይም የትእዛዝ ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሞተሩ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚጠፋ፣ ዘይቱ መቼ እንደሚለወጥ፣ ክሎሪኑ ስንት እንደሚገባ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። የአሥራ አንዱም ወረቀት ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እንቅልፍ የምትነሳኝ ግን ይህች «ከሞላ ጎደል» ናት! አምና የዘይቱ ትእዛዝ ሲለወጥ የአንዳንዱ መንደር ወረቀት ታረመ፣ የሌላው ተረሳ፤ የመንደር ዘጠኝ ሞተር ተቃጥሎ ሰዉ ክረምቱን በሙሉ የወንዝ ውሃ ጠጣ። ማን እንደረሳ እስካሁን የሚያውቅ የለም።

እና ምን አሰብኩ መሰለህ? አንድ የእናት ሰሌዳ ይኑረን። ለሁሉም መንደር የሚሆነው ነገር እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። ከዚያ ለየመንደሩ አንድ አንድ የልጅ ሰሌዳ እንሰጣለን፤ በልጅ ላይ የሚጻፈው ከእናቱ የሚለይበት ነገር ብቻ ነው። ልጅ የተናገረው የእናቱን ይሽራል፤ ልጅ ዝም ባለበት የእናቱ ቃል ይጸናል። የወንዝ ዳር መንደሮች ውሃቸው ስለሚደፈርስ ለእነሱ አንዲት ታላቅ እህት አበጀሁላቸው፤ ከእናት ትወርሳለች፣ የጨመረችውን ጨምራ ለታናናሾቿ ታወርሳለች። ከእንግዲህ አንድ ነገር ቢለወጥ እናት ላይ ይለወጣል፤ ልጆቹ ሁሉ በዚያው ይከተላሉ። የሚረሳ መንደር አይኖርም። አየኸው? እኔ ሳስበው ብድግ ብዬ ክፍሌን ዞርኩት።

የአካባቢው አስተባባሪ ጓድ በላይ ስነግረው ጠረጴዛውን መታ። «አንድ መመሪያ ለሁሉም! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። ስለ ልጆቹ የነገርኩትን መስማቱን ግን እጠራጠራለሁ።

አንተ የውሃ ክፍሉ ታይፒስት ሆነህ ይህን ለሌላ ሰው ብሰጥ ትቀየመኛለህ። የድሮዎቹን ወረቀቶች ከነረቂቄ በዋቅወያ እጅ ልኬልሃለሁ። ለሚስትህ ለካሰች ሰላም በልልኝ።

እህትህ የምሥራች

ነቀምቴ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአክስቴ ልጅ ለየምሥራች ደረሳ፤ አንገር ጉቲን

ሰላምሽ ይብዛ እህቴ። በቢሮ ማሽን ስለምጽፍልሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ደረቅ ይመስላል። የእጅ ጽሑፌን ግን ታውቂዋለሽ፤ ካደረ እኔም አላነበውም። አሁን የምሳ ሰዓት ነው፤ ቢሮው ውስጥ ከእኔና ከዝንቦቹ በቀር ማንም የለም።

አክስቴ አዳዳ ደህና ናቸው። በየሰንበቱ ቡርቃ ጃቶ ወርጄ አያቸዋለሁ። አንቺ «ንገራት» ያልሽኝን ብቻ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም «ያልነገርከኝስ?» አሉኝ። እናትሽን ማታለል እንዴት ይቻላል? የወባ መድኃኒቱን ከፖስታው ጋር የላኩት እሳቸው ናቸው። ካሰች ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሰው ሁሉ ወንድ ነው ይላታል፤ እሷ በራሷ ሐሳብ ሴት ናት ትላለች።

ሰሌዳዎችሽን መምታት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፤ በፊት የአንድ ሳምንት ሥራ የነበረው ሁለት ቀን ሆነልኝ። ቢሮ ውስጥ ቀልደውብኛል። «እናት አለች፣ ልጆች አሉ፣ ታላቅ እህትም አለች፤ አባትየው የት ሄደ?» አሉኝ። «ዘመቻ ሄዷል» ብዬ መለስኩ። ሳቁ ወዲያው ቆመ። እንዲህ ያለ ቀልድ ሁለተኛ አልቀልድም፤ አንቺም አትድገሚው።

ስለ ሥራዬ ደግሞ፣ አዎ፣ ቋሚ አድርገውኛል፤ ግን ለስድስት ወር ሙከራ ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ እሠራለሁ። ጨዋ ልጅ ሆኛለሁ ብልሽ ታምኛለሽ?

ወንድምሽ ነመራ

አንገር ጉቲን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ነመራ ወንድሜ፣

መጀመሪያ ከወረቀቶቹ ጋር በላክኸው ማስታወሻ ለጠየቅኸኝ ልመልስ፤ ዋቅወያ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው። የመንደር አራትን መስመር አውጣው።

በቀይ የተሰመረበት መሆኑን አይቻለሁ። «ፓምፑ ጠዋትና ማታ ይሠራል» ይላል፤ እናቲቱም ያንኑ ቃል በቃል ትላለች። ልጅ እናቱ ያለችውን ከደገመ እኮ የለፋነው ለምን ነው? በየቦታው መደጋገምን ልናጠፋ አይደል የተነሳነው? አንተ ራስህ የምታየውን ሁሉ እንደዚያው አድርግ፤ ከእናት ጋር አንድ የሆነውን ሁሉ አውጣ፣ እኔን መጠየቅ አያስፈልግህም።

መስመሯን ያጻፈችው ድሮ እዚያ ክሊኒክ የነበረች ነርስ ናት አሉ፤ አሁን ተዛውራለች። ሞተሪስቱ አቶ መሸሻ ይባላሉ፤ ከወሎ የመጡ፣ ሞተሩን እንደ በሬ እያባበሉ የሚያስነሱ ሰው ናቸው። «ና እንጂ ግራዬ፣ ምነው ዛሬ ለገምክብኝ» ይሉታል፤ ይነሳል ደግሞ! መስመሯ ልትወጣ መሆኑን ስነግራቸው ትንሽ ቅር አላቸው።

«መስመሬን ልታጠፊብኝ ነው እንዴ ልጄ?»

«አልጠፋችም አባቴ፤ ወደ እናት ሄደች እንጂ። ትእዛዙ ያው ነው።»

«ያው ከሆነማ አብሽሪ፤ ለእኔ ውሃው ይውረድ እንጂ የትም ትጻፍ» ብለው ሳቁ።

የድሮዎቹን ወረቀቶች መልሰህ ከላክህልኝ በኋላ በጓድ በላይ ትእዛዝ አቃጠልናቸው። ሁለት ዓይነት ትእዛዝ ግድግዳ ላይ እንዳይኖር ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲነዱ ደስ አለኝ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር ጨርሼ ስጥል የመጀመሪያዬ ነው።

እህትህ የምሥራች

ነቀምቴ፣ የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

እህቴ የምሥራች፣

ስለዘገየሁ ይቅርታሽን። ምክንያቴን ስትሰሚ ትተይኛለሽ፤ ካሰች ሴት ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። አዳዳ ካራሷ ሥር አልነሳም ብለው እኛ ጋ ከርመዋል፤ ልጅቷ ስታለቅስ «ይህች እንኳ እንደ የምሥራች ናት፣ መልስ ሳትሰማ አትተኛም» ይላሉ። ስሟን ገና አላወጣንም። ሐሳብ ካለሽ ላኪ።

ደግሞ አንድ የሚያስደስትሽ ነገር አለ። ናፍጣ እንደጠፋ መቼም እዚያም ሰምታችኋል፤ እዚህ መኪና ሁሉ ቆሟል። ሰኞ ዕለት አለቃዬ መጥቶ «የሁሉም መንደር ፓምፕ ጠዋት ብቻ ይሥራ፤ ዛሬውኑ!» አለ። ድሮ ቢሆን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንጨነቅ ነበር። እኔ የእናቲቱን ወረቀት አወጣሁ፣ «ጠዋትና ማታ» የሚለውን «ጠዋት ብቻ» ብዬ መታሁ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ አለቀ። አንድ ቃል ለወጥኩ፣ አሥራ አንድ መንደር ተለወጠ። «ማነው ይህን ያሰበው?» ብሎ ሲጠይቅ ስምሽን ሙሉውን፣ ከነአባትሽ ነገርኩት።

አዲሱን ወረቀት ዋቅወያ ለጓድ በላይ ይሰጠዋል። ኩሪ እህቴ።

ወንድምሽ ነመራ

አንገር ጉቲን፣ መጋቢት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ነመራ፣

ለልጅቷ እንኳን ደስ አላችሁ። ከዚህ በላይ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

አቶ መሸሻን ወሰዷቸው።

ያን ሰሞን መንደር ዘጠኝ ሞተር ሳስተክል ነበርኩ። ስመለስ የፓምፕ ቤቱ በር በሽቦ ታስሯል። ያገኘሁት ወሬ ይህ ነው፤ አዲሱ ትእዛዝ ከተለጠፈ በኋላም አቶ መሸሻ ማታ ማታ ሞተሩን ያስነሱ ነበር። የመንደር አራት ክሊኒክ የውሃ ታንከር ከሥሩ ተሰንጥቋል፤ ጠዋት የገባው ውሃ ከቀትር አያልፍም። በወባ የወደቁትን ደግሞ ትራክተሩ ከየእርሻው ሰብስቦ የሚያመጣቸው ወደ ማታ ነው። ያቺ ነርስ መስመሯን በቀይ ያሰመረችው ለዚህ ነበር። ምክንያቱን ማንም አልጻፈውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እናቲቱም ያንኑ ስለምትል ብቻ ትርፍ መሰለችኝ።

ተቆጣጣሪዎች በምሽት የሞተር ድምፅ ሰምተው መጡ። «በማን ፈቃድ ነው ናፍጣ የምታቃጥለው?» ሲሏቸው «በሰሌዳዬ፤ የእኔ መንደር ማታም ይሠራል ይላል» አሉ። ሰሌዳውን አዩት። በመንደር አራት ወረቀት ላይ ስለ ሰዓት አንድም ቃል የለም። ዝም ካለ ደግሞ የእናቱ ቃል ይጸናል፤ እኔ ነኝ እንዲህ ብዬ ከላይ በትልቁ ያጻፍኩት። «ውሸታም፣ የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ብለው ወደ ነቀምቴ ጫኗቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ነመራ። መስመሯ የነበረችበትን ቦታ በዓይናቸው ያውቁት ነበር፤ ከአዲሱ ወረቀት ላይ የት እንደሄደች ግን ማን ያሳያቸው?

ሚስታቸው የሺወርቅ ትናንት መጣች። እጮህብሻለሁ ብላ እንደመጣች ታስታውቃለች፤ ስታየኝ ግን ተቀመጠች። «እህቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያቺ መስመር ነበረች በይልኝ። ሌላ ምንም አልልሽም፤ ነበረች በይ» አለችኝ። ጉዳያቸውን አጣሪ ኮሚቴ ሚያዝያ 22፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው ሐሙስ ያየዋል። ጥፋተኛ ካላቸው ለልዩ ፍርድ ቤት ይተላለፋሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተም ታውቃለህ።

አንተ አጠገባቸው ነህ። እባክህ ምግብ ውሰድላቸው። ኮሚቴው ከሚቀመጥበት ቢሮም ጎራ በልና መስመሯ እንደነበረች፣ ያወጣናትም እኛ እንደሆንን ንገራቸው። ያስወጣሁህ እኔ ነኝ፤ ይህንንም ጨምረህ ንገራቸው።

የምሥራች

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለየምሥራች፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አዳዳ ደህና ናቸው፤ ጾሙ እንኳ አላደከማቸውም። ሰፈሩም ሰላም ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል። ልጅቷ መሳቅ ጀምራለች፤ የምትስቀው ግን ለግድግዳው ነው። የልጅቷ ስም ያለበት ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ወይም አልጻፍሽውም።

ለሰውየው ምግብ ካሰች ሁለት ጊዜ ወስዳለች። ውስጥ አላስገቧትም፤ ሣህኑ ግን ባዶውን ተመልሷል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው ይላሉ።

የሙከራ ጊዜዬ ግንቦት ላይ ያልቃል። ካሰች ሥራ የላትም፤ ይህን ታውቂያለሽ። የጻፍኩት ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም እንዲሆነኝ ነው።

የምሥራች፣ አንቺ ሳትጽፊልኝ በፊት ጠርተውኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ታይፒስቱ አንተ ነህ። በመንደር አራት ሰሌዳ ላይ ስለ ማታ የሚናገር መስመር ኖሮ ያውቃል?» አሉኝ። አለቃዬ ከጎኔ ቆሟል። አዲሱን ትእዛዝ የፈረመው እሱ ነው። ኖሯል ብል «ማን አወጣው?» ይሉኛል። እኔ። «ማን አዘዘህ?» አንቺ። «ሰነዱስ የት አለ?» ተቃጥሏል። ሰነድ አቃጣይ ተብሎ ምን እንደሚደረግ አይተናል።

ዝም አልኩ። አልነበረም አላልኩም፤ ይህን እወቂልኝ። ዝም ነው ያልኩት። ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀኝና አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላሳየኝም። ግን እኔም በጽሑፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የብዕሩን አኳኋን አይቼ አውቄዋለሁ።

ለፋሲካ ትመጫለሽ ብለው አዳዳ ዶሮ አስቀምጠዋል።

ነመራ

አንገር ጉቲን፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ነመራ ወንድሜ፣

እንኳን አደረሳችሁ። ለፋሲካ አልመጣሁም፤ ሀርሜን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የሰንበቱን ቀን መንደር አራት ዋልኩ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። እንድቆጣህ የጠበቅህ ይመስለኛል። ልቆጣህም ሞክሬ ነበር። ግን ምን አየሁ መሰለህ? ዝም ያለ ተስማምቷል የሚል ደንብ አውጥቼ በአሥራ አንድ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ለሞተርና ለክሎሪን ያወጣሁት ነበር፤ አሁን ባንተ ላይ ሲሠራ አየሁት። ያ ጸሐፊ የእኔን ደንብ ነው የተከተለው።

ጓድ በላይን አነጋግሬዋለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ሰሌዳሽን አስተካክዪና ዝም በዪ። የአንድ ሞተሪስት ጉዳይ የፕሮግራሙን ስም አያጠፋም» አለኝ።

«ሰሌዳውንማ አስተካክላለሁ። ሰውየውስ ጓድ?»

«ሰውየው ሰሌዳ አይደለም፣ አይስተካከልም» አለኝና ራሱ በራሱ ንግግር ሳቀ። ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ «እናት አለችሽ አይደል?» አለኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ምክር እስካሁን አልለየሁትም።

ሰሌዳውን አስተካክዬዋለሁ። እናት ያለችውን ቢደግምም እንኳ በራሱ ምክንያት የተጻፈ መስመር አይወጣም፤ ምክንያቱም ከጎኑ ይጻፋል። እናት ላይ አንድ ቃል ከመለወጡ በፊትም የየመንደሩ ሞተሪስት ሁሉ ይጠየቃል፤ ዝም ያለ እስኪመልስ ይጠበቃል እንጂ እሺ እንዳለ አይቆጠርም። በመንደር አራት ሰሌዳ ላይ «ጠዋትና ማታ፤ የክሊኒኩ ታንከር ስለሚያፈስ» ብዬ በቀይ ቀለም በእጄ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን አኖርኩ። ማኅተም የለውም። የሺወርቅ ቆማ ስታየኝ ነበር። «ዘገየሽ» አለችኝ። ማታ ግን ሞተሩን ያስነሳችው እሷ ናት፤ ባሏ በሚያባብሉበት ቃል ነው ያባበለችው።

ሐሙስ ሚያዝያ 22 ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። ቢጠሩኝም ባይጠሩኝም። መስመሯ ነበረች፣ አስወጥቻታለሁ፣ አቶ መሸሻ አልዋሹም እላለሁ። እኔ ብቻዬን ካልኩት ግን ለራሷ ሥራ ትሟገታለች ይሉኛል፤ በዓይኑ ያያት፣ በእጁ ያወጣት ሌላ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ካሰችንና ልጅቷን ረስቼ አይደለም የምጠይቅህ። አስቤያቸው ነው። እንቢ ብትል እንቢታህን በወረቀት ላክልኝ፤ እቀበለዋለሁ። ዝምታህን ግን እኔ አንብቤ አልተረጉመውም። ዋቅወያ ቅዳሜ ይመለሳል። ጻፍልኝ።

እህትህ የምሥራች

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 1979 ዓ.ም.

የምሥራች እህቴ፣

በእጄ ስለጻፍኩ አትደንግጪ፤ ካልተነበበልሽ ለዋቅወያ ስጪው፣ እሱ የመድኃኒት ቤት ጽሑፍ ያነባል። ማሽኑን ቆልፈውብኛል። ወንበሩንም ወስደው ኮሪደር ላይ አስቀምጠውኛል፤ ይህን የምጽፍልሽ ጉልበቴ ላይ ነው።

ሐሙስን አልጠበቅኩም። ሐሙስ ድረስ ብቆይ ድፍረቴ ያልቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ትናንት ጠዋት ገባሁና «ያን ጊዜ ጠይቃችሁኝ አልመለስኩም፤ አሁን ልመልስ» አልኩ። መስመሯ እንደነበረች፣ በቀይ እንደተሰመረባት፣ ከእናቲቱ ጋር አንድ ስለሆነች እንዳወጣኋት ነገርኳቸው። አለቃዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። ጸሐፊው «ታዲያ ያን ጊዜ ምነው ዝም አልክ?» አለኝ። «ስለፈራሁ» አልኩት። ይህንንም ይጽፈው እንደሆነ አየሁት፤ ብዕሩን አስቀመጠ።

አቶ መሸሻን አምጥተው ፊት ለፊቴ አቆሟቸው። ከስተዋል። እኔን አያውቁኝም፤ ማን መሆኔን ሲነግሯቸው ትክ ብለው አዩኝና «መስመሬን ያወጣው አንተ ነህ?» አሉ። አዎ ስላቸው ወደ ኮሚቴው ዞረው «አላልኳችሁም?» አሉ፤ ጌታዬ፣ እንዴት አድርገው እንዳሉት! ከዚያ መልሰው ወሰዷቸው። በበሩ ሲያልፉ እጃቸው እንደታሰረ «አብሽር ልጄ» አሉኝ።

አልተፈቱም። እኔም ከዚህ ኮሪደር ወዴት እንደምሄድ የነገረኝ የለም። ካሰች ሰምታለች፤ ልጅቷን ታቅፋ ምሳዬን አመጣችልኝ፣ አብራኝም ተቀመጠች። አዳዳ ደግሞ ለአንቺ ያስቀመጡትን ዶሮ አሁንም አላረዱም። «ሐሙስ ትመጣለች፣ ያኔ» ይላሉ።

ኮሚቴው አንድ ነገር ይቀረዋል። የናፍጣው ትእዛዝ ሲለጠፍ ማታ የሚያስፈልገው መንደር አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው እንደነበር ማወቅ ይፈልጋል። ለጠፊው ጓድ በላይ ነው። እንዲመጣ ጠይቂው። እንቢ ካለ እንቢ ማለቱን ጻፊልኝ፤ ዝም ካለም ዝም ማለቱን ጻፊልኝ፣ እኔ ሐሙስ እነግራቸዋለሁ። የልጅቷንም ስም እስካሁን አልላክሽልኝም። ዋቅወያ ማክሰኞ ከዚያ ወደዚህ ይነሳል፤ መልስሽን በእሱ እጅ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ነመራ